ጽንሰ-ሐሳባዊ ሞዴልና የዕውቀት ቋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዳንዱ ወሬ ያስረዝማል። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጽንሰ-ሐሳባዊ ሞዴል ምንድን ነው?

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንያቸው። «ይህ መጽሐፍ ወደ ሃያ ቋንቋ ተተርጉሟል።» «ይህ መጽሐፍ ሽፋኑ ተቀዷል።» ሁለቱም ልክ ናቸው። «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ግን በሁለቱ ውስጥ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ደራሲው የጻፈው ድርሰት ነው። ሁለተኛው እጃችን ላይ ያለው ቅጂ ነው። የተተረጎመው ቅጂው አይደለም፤ የተቀደደውም ድርሰቱ አይደለም።

ሰው ይህን ሳያስበው ይለየዋል። ኮምፒውተር ካልነገሩት አያውቅም። ጽንሰ-ሐሳባዊ ሞዴል የሚባለው ይህን ለይቶ መንገሪያው ነው። በሥራችን ውስጥ ምን ምን ዓይነት ነገሮች አሉ? አንዱ ከሌላው ጋር በምን ይገናኛል? የትኛው ሕግ መቼም መጣስ የለበትም? አንድ ድርሰት ብዙ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። አንድ ቅጂ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይዋሰውም። ይህን ስትጽፉ ሞዴል ጀምራችኋል ማለት ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ይህን ጣጣ በደንብ ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1998 ያወጣው ሞዴል «መጽሐፍ» የምንለውን ነገር ለአራት ከፍሎታል፦ ድርሰቱ ራሱ፣ ድርሰቱ የተገለጠበት መልክ (ለምሳሌ አንድ ትርጉም)፣ የታተመው እትም፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ። መጀመሪያ ሳየው «አራት? አበዙት» ብዬ ነበር። የአንድን ድርሰት ሦስት ትርጉሞች በአንድ መዝገብ ላስገባ ስታገል ነው የገባኝ።

ታዲያ ከዳታቤዝ ዲዛይን በምን ይለያል?

ዳታቤዝ ዲዛይን ስለ አቀማመጥ ነው። ሞዴሉ ስለ ትርጉም ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 ዳታን በሠንጠረዥ የማስቀመጥን ሐሳብ አቀረበ። ዛሬም አብዛኛው ዳታቤዝ በዚያው ላይ ነው የቆመው። ሠንጠረዥ ግን ስለ ዓለም ብዙ አይናገርም። ረድፍና ዓምድ ነው። በ1976 ፒተር ቼን ነገሮችንና ግንኙነቶቻቸውን በሥዕል ለይቶ የማሳያ ዘዴ አመጣ። ዛሬ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሳጥንና መስመር የሚሥል ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከእሱ ተበድሯል።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። ሥዕሉን ሶፍትዌር ለማያውቅ ግን ሥራውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ጣቱን ቀስሮ «ይሄማ ልክ አይደለም» ካለ ጥሩ ሞዴል ይዛችኋል። ዝም ብሎ ራሱን ከነቀነቀ ያሳያችሁት የዳታቤዝ ሥዕል ነው፤ አልገባውም።

የዕውቀት ቋትስ? ያው ዳታቤዝ አይደለም እንዴ?

ዘመዱ ነው። ልዩነቱ ያልተጻፈውንም መናገር መቻሉ ላይ ነው።

አንድ ታካሚ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ተመዝግቧል እንበል። ሌላ ቦታ ደግሞ አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘር መሆኑ ተጽፏል። ከነዚህ ጋር አንድ ደንብ አለ፦ አንድ የመድኃኒት ዘር የማይስማማው ሰው በዚያ ዘር ሥር ያለ ነገር ሲታዘዝለት ማስጠንቀቂያ ይምጣ። ሐኪሙ አሞክሲሲሊን ሲያዝ ሥርዓቱ «ቆይ!» ይላል። ይህ ታካሚ አሞክሲሲሊን እንዳይሰጠው የሚል ዓረፍተ ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ከሁለቱ እውነታዎችና ከደንቡ የወጣ ነው። የዕውቀት ቋት የምንለው እውነታዎችን፣ ትርጉማቸውን የያዘውን ሞዴልና ደንቦቹን አንድ ላይ ነው። ከላያቸው ላይ መደምደሚያ የሚያወጣ ፕሮግራም ይቀመጣል።

እርግጥ በየድርጅቱ የእገዛ ጽሑፎች የሚከማቹበትን ገጽም «የዕውቀት ቋት» የሚሉት አሉ። እዚህ የማወራው ስለዚያ አይደለም።

ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር «የለም» ማለት ነው ወይስ «አይታወቅም»?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ያልፍና በኋላ ይነክሰዋል።

የአውሮፕላን በረራ መርሐ ግብርን እንውሰድ። ማክሰኞ ጠዋት በረራ ካልተጻፈ በረራ የለም። አከተመ። ዝርዝሩ ሙሉ ነው ብለን እናምናለን። ይህን ሬይመንድ ራይተር በ1978 «የዝግ ዓለም ግምት» ብሎ ሰይሞታል። የተለመደው ዳታቤዝ እንዲህ ነው የሚያስበው።

አሁን ወደ ታካሚያችን እንመለስ። በመዝገቡ ላይ ስለ ኦቾሎኒ ምንም አልተጻፈም። ኦቾሎኒ ይስማማዋል ማለት ነው? በፍጹም። ማንም አልጠየቀውም ይሆናል። እዚህ ላይ ዝምታን «የለም» ብሎ መተርጎም አደጋ አለው። ስለዚህ እንደ አውል (OWL) ያሉ የኦንቶሎጂ ቋንቋዎች፣ ማለትም ማሽን የሚያነበው ሞዴል የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች፣ ዓለሙን ክፍት አድርገው ያስባሉ። ያልተጻፈ ነገር ያልታወቀ ነው፤ ውሸት አይባልም።

ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአውል ቋንቋ «አንድ ሰው አንድ ወላጅ እናት ብቻ አለችው» ብላችሁ ደንብ ጻፉ። ከዚያ ለአንድ ልጅ ሁለት እናቶች መዝግቡ፤ አልማዝና ሣራ። ማሽኑ «ስህተት!» ብሎ የሚጮህ ይመስላችኋል። አይጮህም። አልማዝና ሣራ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ይደመድማል! ሁለት ስም ሁለት ሰው ነው ብሎ አይገምትማ። የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን በግልጽ ከነገራችሁት ነው ግጭቱን የሚያየው። የመዝገብ ጉድለትን መያዝ ከፈለጋችሁ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ2017 የወጣው ሻክል (SHACL) የተባለው የመፈተሻ ቋንቋ የተሠራው ለዚህ ነው።

«ኦንቶሎጂ» ለምን ይባላል?

ከፍልስፍና የተወሰደ ቃል ነው። እዚያ ስለ መኖርና ስላሉት ነገሮች ዓይነት የሚጠየቅበት ክፍል ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ተዋሱትና ጠበብ አደረጉት። ቶም ግሩበር በ1993 የሰጠው ትርጓሜ በጣም ይጠቀሳል፤ በእኔ አማርኛ «ነገሮችን የምንረዳበት መንገድ በግልጽ ሲደነገግ» እንደ ማለት ነው። በተግባር ኦንቶሎጂ ማሽን ሊያነበው የሚችል ጽንሰ-ሐሳባዊ ሞዴል ነው። ፈላስፎቹ በዚህ አጠራር ብዙ ደስተኞች አይደሉም፤ አልፈርድባቸውም።

ቃላቱን መዝግቦ መያዝ አይበቃም?

አይበቃም። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። «የዋና አሰልጣኝ ቅጥር» የሚል ርዕስ አያችሁ እንበል። የቡድኑ አለቃ ነው የሚቀጠረው ወይስ መዋኘት የሚያስተምር ሰው? ሲነበብ «ና» ይጠብቃል ወይም ይላላል። ሲጻፍ ግን ያው ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ጽንሰ-ሐሳብ። የተገላቢጦሹም አለ፤ አንድ ጽንሰ-ሐሳብ አሥር ስም ይኖረዋል።

መፍትሔው ጽንሰ-ሐሳቡን ከስሙ ለይቶ መለያ መስጠት ነው። በ2012 የተጀመረው ዊኪዳታ የተባለ ነጻ የዕውቀት ቋት እንዲህ ያደርጋል። ምድራችን እዚያ «ኪው2» ነች። አማርኛው «ምድር» ይላል፣ ሌላው ቋንቋ በራሱ ስም ይጠራታል፣ ኪው2 ግን አትቀየርም። ለሰው የማይጥም ስም ነው። ለማሽን ግን መልካም ነው፤ ማንም አይጣላበትም።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ነው?

ኧረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዛሬ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ያኔ ተሠርተዋል።

በ1965 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዴንድራል የሚባል ሥራ ተጀመረ። ኤድዋርድ ፋይገንባውም፣ ጆሹዋ ሌደርበርግና ባልደረቦቻቸው ከማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውልን ስብርባሪዎች ክብደት ከሚለካ መሣሪያ) የወጣ መረጃን አይቶ የሞለኪውልን አወቃቀር የሚገምት ፕሮግራም ሠሩ። ትልቁ ትምህርት ብልሃት ካለው ፕሮግራም ይልቅ ብዙ የሚያውቅ ፕሮግራም እንደሚያሸንፍ ነበር። የኬሚስቶቹ ዕውቀት ነበር ጉልበቱ።

ቀጥሎ በ1970ዎቹ እዚያው ማይሲን መጣ። በደም ውስጥ ስላሉ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖችና ስለ ማጅራት ገትር ሐኪምን የሚያማክር ነበር። ወደ 600 የሚጠጉ ደንቦች ነበሩት። ሲፈተን ምክሩ ከዩኒቨርሲቲው የሕክምና መምህራን ምክር አላነሰም። ሆኖም በመደበኛ ሕክምና ላይ አልዋለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ተራ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ተቀምጦ የጥያቄ መዓት መመለስ ነበረበት። ጊዜ የለውም። ሌላው ደግሞ «ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም አላረጀም።

ኢንዱስትሪው ውስጥ የሰመረለት ኤክስኮን ነው። ጆን ማክደርሞት በካርኔጊ ሜሎን ጀምሮት ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በሚባለው የኮምፒውተር አምራች ሥራ ላይ ዋለ። ደንበኛ ላዘዘው ኮምፒውተር የትኛው ገመድ፣ የትኛው ካቢኔት፣ የትኛው ክፍል እንደሚያስፈልግ ያሟላ ነበር። ችግሩ አዲስ ዕቃ በወጣ ቁጥር ደንብ መቀየሩ ነው። ደንቦቹ ወደ ሺዎች አደጉ፣ እነሱን መንከባከብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ፋይገንባውም ከሰው ጭንቅላት ዕውቀት አውጥቶ ማሽን ውስጥ ማስገባትን የሥራው ማነቆ ብሎት ነበር። ማስገባቱ ብቻ አይደለም ማነቆው። ማደሱም ጭምር ነው።

ከሁሉም ደፋሩ ዳግላስ ሌናት ነው። በ1984 ሳይክን ጀመረ። ዓላማው ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን ተራ ዕውቀት ማስገባት ነበር፤ ሰው በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ አይገኝም፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሲገለበጥ ይፈሳል፣ የመሳሰለውን። በ2023 እስኪሞት ድረስ ከዚያው ሥራ አልተነሳም። ከንቱ ልፋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ለሰው ግልጽ የሆነው ነገር ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ያሳየን እሱ ነው።

በምርምር ውስጥ የት ይሠራበታል?

የምወደው ምሳሌ ጂን ኦንቶሎጂ ነው። በ1998 ስለ ፍራፍሬ ዝንብ፣ ስለ አይጥና ስለ እርሾ የሚያጠኑ ሰዎች ዳታቤዞቻቸውን ይዘው ተገናኙ። አንዱ ቋት «ትራንስሌሽን» የሚለውን ሌላው «ፕሮቲን ሲንተሲስ» ይለዋል። ለባዮሎጂስት አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ በጋራ ቃላት ተስማሙ፣ ሦስት ዛፍም ተከሉ፦ ሞለኪውሉ ምን ይሠራል፣ በየትኛው ሂደት ውስጥ ይገባል፣ በሴል ውስጥ የት ይገኛል። ከዚያ በኋላ በእርሾ ላይ የተገኘ ነገር ስለ ሰው ጂን ፍንጭ ለመስጠት በቀላሉ ይፈለጋል።

ነገሩ የሰመረው ሎጂኩ ስለረቀቀ አይደለም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም በጣም ቀላል ነበር። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ስለሠሩት ነው።

በሕክምና በኩል ስኖሜድ ሲቲ የሚባል የሕክምና ጽንሰ-ሐሳቦች መዝገብ አለ። ከ350,000 በላይ ጽንሰ-ሐሳቦች ይዟል። ግዙፍ ነው፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ አትመኑት።

በኢንዱስትሪስ?

ፍለጋ ላይ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ጉግል በ2012 ኖሌጅ ግራፍ የሚባለውን አስተዋወቀ። የአንድ ታዋቂ ሰው ስም ስትጽፉ ጎን ላይ የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ የትዳር ጓደኛ በሳጥን የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ ፍሪቤዝ የተባለ የዕውቀት ቋት ነበር፤ ጉግል በ2010 ገዛው፣ በኋላም ዘጋው።

ከፍለጋ ውጭ ያለው ሥራ ብዙም አይታይም፤ የመለዋወጫ ዝርዝር፣ የሕንፃ ግንባታ ዲዛይን ልውውጥ፣ የባንክ ቁጥጥር ሪፖርት። የሁሉም ችግር አንድ ነው። ሁለት ሥርዓቶች ዳታ ይለዋወጣሉ፣ ትርጉም ግን አይለዋወጡም።

ይህ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በመስከረም 1999 ታይቷል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኩራኩር ማርስ ስትደርስ ጠፋች። መሬት ላይ ያለ አንድ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ-ሰከንድ ያወጣል። ተቀባዩ በኒውተን-ሰከንድ ነው ብሎ ያነበዋል። በመካከላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ቁጥሩ ራሱ ትክክል ነበር። የቁጥሩ ትርጉም ግን አብሮት አልተጓዘም።

እኔም በአንድ ድርጅት ውስጥ ትንሽዬውን ወንድሙን አይቻለሁ። ሽያጭ ክፍሉ «ደንበኛ» የሚለው ውል የፈረመውን ሁሉ ነው። ሒሳብ ክፍሉ «ደንበኛ» የሚለው የከፈለውን ነው። የሁለቱ ሪፖርት በየወሩ አይገጥምም፣ በየወሩም ፕሮግራመሩ ይወቀሳል። ፕሮግራሙ ምንም አልነበረበትም።

ከየት ልጀምር?

ከሶፍትዌር አትጀምሩ። ከጥያቄ ጀምሩ። ቋቱ ሲያልቅ እንዲመልስላችሁ የምትፈልጓቸውን አሥር ወይም አሥራ አምስት ጥያቄዎች በተራ ቋንቋ ጻፉ። «በዚህ ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ የተበላሹት ፓምፖች የማን ምርት ናቸው?» ዓይነት። ግሩኒንገርና ፎክስ በ1995 ይህን እንደ ዘዴ አቅርበውታል፣ እስካሁን የተሻለ አላየሁም። ከጥያቄዎቹ ውስጥ የሌለ ነገር ሞዴሉ ውስጥ ባይገባም ይቅርበት። ሰው ሞዴል ሲይዝ ዓለምን በሙሉ ማስገባት ያምረዋል። እኔንም ያምረኛል።

ቀጥሎ ስሞቹን አውጡና ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ፍቺ ጻፉ። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ይነሳ። ጭቅጭቅ ካልተነሳ ወይ ሰዎቹ እየሰሟችሁ አይደለም፣ ወይ የሚመለከታቸው ሰዎች አልተጠሩም። ከፍቺው ጎን ሁለት ምሳሌ ጻፉ፤ አንድ የሚገባ፣ አንድ የማይገባ። የማይገባው ምሳሌ ከፍቺው በላይ ያስተምራል።

ከዚያ በፊት ግን የተሠራ ካለ ፈልጉ። ለጊዜ፣ ለቦታ፣ ለመለኪያ አሃድ የራሳችሁን መፍጠር ትርፉ ድካም ነው።

የሚበዛው ስህተት የቱ ነው?

«ነው»ን (የአንድ ነገር ዓይነት መሆንን) ከ«አካል ነው» (ክፍሉ ከመሆን) ጋር ማምታታት። ሌላው ደግሞ የ«አካል ነው» ዓይነቶችን ማደባለቅ። ጉልበት የተጫዋቹ አካል ነው። ተጫዋቹ የቡድኑ አካል ነው። ማሽኑ ከዚህ ተነስቶ ጉልበቱ የቡድኑ አካል ነው ቢል ስህተቱ የእናንተ ነው። የሰውነት ክፍል መሆንና የቡድን አባል መሆን ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች ናቸው፤ ሁለት ስም ስጧቸው።

ሌላው ሚናን እንደ ማንነት መያዝ ነው። «ተማሪ» የሰው ዓይነት ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ልጅቷ ስትመረቅስ? ሌላ ሰው ሆነች? ማታ የምትማርና ቀን እዚያው የምትሠራ ከሆነችስ? በብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ አድራሻው በአንዱ ይቀየራል፣ በሌላው ይቀራል። ተማሪነት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሚና ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ግን ያው ናቸው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም?

መጀመሪያ ወረቀት። ከዚያ ኦንቶሎጂ ከሆነ ከስታንፎርድ የወጣው ፕሮቴጄ በነጻ ይገኛል። ለተራ ዳታቤዝ ማንኛውም የሥዕል መሣሪያ ይበቃል።

ቻትቦት ሁሉን እየመለሰ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?

ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ጥሩ ይናገራሉ። ችግሩ ሲሳሳቱም በዚያው ጥሩ አነጋገር መሆኑ ነው። የዕውቀት ቋት እያንዳንዱን መልስ «ይህን ያልኩት ከዚህ እውነታና ከዚህ ደንብ ተነስቼ ነው» ብሎ ማስረዳት ይችላል። መድኃኒት ሲታዘዝ ወይም ብድር ሲከለከል ይህ ቅንጦት አይደለም።

ግን ጠላት አይደሉም። ቻትቦቱ ከመመለሱ በፊት ከቋቱ እንዲያነብ ማድረግ ዛሬ የተለመደ ነው። እኔ ደግሞ የሞዴል የመጀመሪያ ረቂቅ ሲሠራልኝ እወዳለሁ። ሃያ ስም በአንድ ደቂቃ ያወጣልኛል። ስድስቱን እሰርዛለሁ፣ ሦስቱን እለያያቸዋለሁ። ሽያጭና ሒሳብ ክፍልን አስታርቆ «ደንበኛ» ማን እንደሆነ የሚወስንልኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ሞዴሉ አንዴ ካለቀ አለቀ?

አያልቅም። በነሐሴ 2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር «ፕላኔት» ለሚለው ቃል አዲስ ፍቺ አወጣ። ፕሉቶ ከፕላኔትነት ወጥታ ድንክ ፕላኔት ተባለች። ፕሉቶ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ሞዴሉ ነው። «ስንት ፕላኔት አለ?» ተብሎ ዘጠኝ ይመልስ የነበረ ቋት ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ መልሱን መቀየር ነበረበት።

ስለዚህ አንድ ተጠያቂ ሰው መድቡ፤ ኮሚቴ ብቻውን አይበቃም። የአሮጌ ጽንሰ-ሐሳብን መለያ ደግሞ አትሰርዙ። ጂን ኦንቶሎጂ ጊዜ ያለፈበትን ቃል «አገልግሎት ያቆመ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ አያጠፋውም፤ ከቻለም የሚተካውን ይጠቁማል። ከአሥር ዓመት በፊት በተጻፈ ጥናት ላይ ያንን ቁጥር ያገኘ ሰው ሲመጣ ባዶ ገጽ አይጠብቀውም።